የመንዝ ባና ካፖርት ሲሆን፦ በራሳችሁ አቅም የልብስ ብራንድ ለምትጀምሩ

ከሰሜን ሸዋ የሚነሳ፣ የአገር ወግ ያለበት ውድ ልብስ ሲታሰብ ሐሳብ ሁሉ ወደ ጥጥ ይሮጣል። ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጥለት። ጥጡ መልካም ነው፤ መንገዱ ግን ተጨናንቋል። ሽሮ ሜዳ ሞልቶታል፤ ለውጭው ገበያም ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ለምለም የተባለ የልብስ ብራንድ በእጅ የተሸመነውን የኢትዮጵያ ጥጥ ካስተዋወቀ ቆይቷል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር ውርጭ ውስጥ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ግን የአካባቢው ጨርቅ ሌላ ነው፤ የበግ ፀጉር ነው። ባናን (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) እና በርኖስን (የበግ ፀጉር ካባ) የወለዳቸው ይህ ብርድ ነው። ባናው አልጋ ላይ፣ በርኖሱ በአረጋውያን ትከሻ ላይ ቀርቷል። ሁለቱን ዛሬ ወደሚለበስ ካፖርትና ካባ ማምጣት ለአንድ ትንሽ ብራንድ የሚበቃ ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልክም ያሠራል።

እዚህ የምጽፈው ለመጀመሪያ ስብስብ 20 ልብስ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ነው። ከዚያ በላይ በመጀመሪያው ዓመት አትመኙ፤ ምክንያቱ ከታች ባለው ስሌት ይታያል።

መጀመሪያ ፀጉሩን እንዳለ መቀበል ያስፈልጋል። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ ለስላሳ ፀጉር እንዳለው ሜሪኖ የሚባል የበግ ዝርያ አይደለም፣ በማጠብም ሜሪኖ አይሆንም። ሱፍ ቆዳን የሚወጋው ከ30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) የወፈሩ ዘለላዎች ሲበዙበት ነው፤ ከመቶ አምስት ያህሉ እንዲህ ከሆኑ አብዛኛው ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ከዚህ ፀጉር ሹራብ ወይም አንገት ላይ የሚጠመጠም ሻርፕ የሚሠራ ብራንድ ደንበኛውን በመጀመሪያው ቀን ያጣል። ካፖርት፣ ካባ፣ ጃኬት፣ ቦርሳ ይሠራበት። ኮሌታው ከውስጥ በኩል አገጭና አንገት የሚነካበት ቦታ በጥጥ ወይም በሐር ይሸፈን፤ የእጅጌው አፍም እንዲሁ። ሸካራነቱ ዋጋ የሚያወጣበት ቦታም አለ፤ ጨርቁ ቅርጹን ይይዛል፣ ካፊያ ቶሎ አያሳልፍም፣ በመታሸት ቶሎ አይሳሳም።

ግዢው ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ቀለም ነው። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ዥጉርጉር በአንድ ጆንያ ተቀላቅሎ ከመጣ በኋላ መለየት የማይቻል ያህል ነው። በጎቹ በሚሸለቱበት ቦታ፣ ለየቀለሙ የተለየ ጆንያ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። የጥቁር በግ ፀጉር ጫፉ በፀሐይ ወደ ቀይ ዳማ እንደሚሄድም ልብ በሉ፤ ጥልቅ ጥቁር የምትፈልጉ ከሆነ የሚፈተለው ጫፉ ተቆርጦ ነው። ሁለተኛው የሆድና የእግር ፀጉር ነው፤ አጭር፣ ቆሻሻና ጭቃ የያዘ ስለሆነ ከጀርባና ከጎን ፀጉር ጋር መቀላቀል የለበትም። ሦስተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ታሞ ከሞተ በግ ላይ የተነሳ ፀጉር በምንም ዋጋ አይገዛ። አባ ሰንጋ በፀጉር ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የሚያበጥሩትንና የሚፈትሉትን ሰዎች ይይዛል። ከጤናማ፣ በሕይወት ካለ በግ የተሸለተ መሆኑን በዓይን ማየት ወይም ከሚታመን ማኅበር መውሰድ ግዴታ ነው።

ሽለቱም በውርጭ ወራት መሆን የለበትም። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ የተሸለተ በግ በደጋው ሌሊት ብርድ ይጎዳል፤ ለፀጉር ሲባል በግ የሚያስገድል ብራንድ ገበሬው ዘንድ ዳግም አይደርስም።

እጥበት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፀጉሩ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያድራል፤ ጭቃውና ላቡ ይለቃል። ቀጥሎ 55 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙና፣ ለ20 ደቂቃ ሳይታሽ ይነከራል። ይህ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ውሃው ውስጥ እያለ ማሸት፣ ወይም ከሙቅ ውሃ አውጥቶ ድንገት ቀዝቃዛ ውስጥ መክተት ፀጉሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ያን ጊዜ አይበጠርም፣ አይፈተልም። ማለቅለቂያው ውሃ ሙቀቱ ከመጀመሪያው ጋር የተቀራረበ ይሁን። አንድ ቴርሞሜትር የብዙ ኪሎ ፀጉር ዋጋ ያድናል። ሲደርቅ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ወንፊት ላይ ተዘርግቶ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ አትጠቡ፤ ሳይደርቅ ይሸታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአንድ ካፖርት ስሌት ይኸውና።

ጉልበት የሚሸፍን ካፖርት ያለቀለት ጨርቅ 3.5 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። በካሬ ሜትር 500 ግራም የሚመዝን ከሆነ 1.75 ኪሎ ጨርቅ ነው። በሽመና ጊዜ የሚቀረውን የድር (በርዝመት የሚወጠረው ክር) ጫፍና ቁርጥራጭ አንድ አሥረኛ ብትጨምሩ 1.9 ኪሎ ክር ይሆናል። በማበጠርና በመፍተል 15 ከመቶ ይጠፋል፤ 2.3 ኪሎ የታጠበ ፀጉር መያዝ አለባችሁ። እጥበቱ ደግሞ ከክብደቱ ሲሶውን ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ 3.5 ኪሎ ያልታጠበ ፀጉር። ከአንድ በግ በአንድ ሽለት ግማሽ ኪሎ ብታገኙ አንድ ካፖርት ሰባት አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው በጎች ይጠይቃል። ሃያ ካፖርት ሲሆን 70 ኪሎና 140 በግ ነው።

ከበጉ ይልቅ ክሩን ማግኘት ይከብዳል። 100 ሜትሩ 25 ግራም የሚመዝን ክር ለካፖርት ይስማማል። በዚህ ውፍረት 1.9 ኪሎ ማለት 7,600 ሜትር ነው። አንዲት ፈታይ በእንዝርት በሰዓት 80 ሜትር ትፈትላለች ብለን ብንይዝ 95 ሰዓት ይወስዳል። ከቤት ሥራዋና ከእርሻው ተርፏት በቀን ሦስት ሰዓት የምትፈትል ከሆነ ለአንድ ካፖርት ከአንድ ወር በላይ ነው። ለሃያው ልብስ 15 ፈታዮች ቢሠሩ 42 የሥራ ቀን ያስፈልጋል። ሸማኔው ጨርቁን በቀናት ይጨርሰዋል፤ ልብስ ሰፊውም እንዲሁ። ገንዘባችሁ፣ ጊዜያችሁና ትኩረታችሁ መሄድ ያለበት ወደ ፈታዮቹ ነው። ለአርማና ለፎቶ ቀድሞ ገንዘብ የሚያወጣ ጀማሪ ክሩ ሲዘገይበት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፤ ክርን በኪሎ መግዛት። በኪሎ ከተከፈለ ወፍራም ክር ቶሎ ይከብዳል፣ ቶሎ ይከፈላል፤ ቀጭንና እኩል አድርጋ የፈተለችው ሴት ለተመሳሳይ ክብደት እጥፍ ስለምትደክም በሰዓት ግማሽ ታገኛለች። በሁለተኛው ዙር እርሷም ታወፍራለች፤ ደግሞም ትክክል ናት። ክፍያው በሜትር ይሁን። ዙሪያው 1.25 ሜትር የሆነ የእንጨት ማጠንጠኛ አሠሩ፤ 80 ዙር 100 ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱን 100 ሜትር በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን መዝኑ፤ ከ23 እስከ 27 ግራም ከሆነ ሙሉ ዋጋ ይከፈል፣ ከዚያ የወጣው ለቦርሳ ወይም ለምንጣፍ ይለይ። ለየፈታይዋ ትክክለኛው ክር የተጠመጠመበት የካርቶን ናሙና ስጧት፤ እንዝርቷ አጠገብ ትሰቅለዋለች፣ በቃል ከማስረዳት ይበልጣል። ልቃቂቱ ላይ የፈታይዋ ስም ይጻፍ። የአንድ ሴት ክር ከሌላዋ በጥምዝ ጥንካሬ ይለያል፤ በአንድ ካፖርት ድር ላይ የተለያዩ ሰዎች ክር ከተቀላቀለ ጨርቁ ከታጠበ በኋላ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። ጠንከር ብሎ የተጠመዘዘውን ለድር፣ ለስለስ ያለውን ለማግ (በድሩ መካከል በአግድም ለሚገባው ክር) አድርጉ።

ሸማኔው ዘንድ ስትሄዱ ባና እንደሚሸምነው አጥብቆ እንዳይሸምን መንገር አለባችሁ። ለካፖርት የሚሆነው ጨርቅ ከሽመና ዕቃው ሲወርድ ስስ፣ ወንፊት የመሰለ ሊሆን ይገባዋል፤ በሴንቲ ሜትር ስድስት ድርና ስድስት ማግ ለዚህ ክር ልኩ ነው። ሸማኔው ይህን ሥራው ላይ እንደ ነውር ሊያየው ይችላል። ጥብቀቱ የሚመጣው በኋላ፣ በመርገጥ እንደሆነ ትንሽ ናሙና ሠርቶ ማሳየት ክርክሩን ይጨርሰዋል።

መርገጡ እንዲህ ነው። ጨርቁ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ የሳሙና ውሃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ በእግር ይረገጣል። በሁለቱም አቅጣጫ 20 ከመቶ እስኪጠብ ድረስ፤ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት የነበረው 64፣ 6.8 ሜትር ርዝመት የነበረው 5.4 ሜትር ይሆናል። በየአምስት ደቂቃው አውጥታችሁ ለኩ። ያነሰ ይጨመራል፤ ያለፈበት ግን አይመለስም፣ እንደ ብርድ ልብስ ደድሮ ይቀራል። ከመጀመሪያው ጨርቅ በፊት 40 በ40 የሆነ ናሙና ወደ 32 በ32 አድርሳችሁ የወሰደውን ደቂቃ መዝግቡ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውስጥ ጥቂት አቼቶ ይጨመር፤ የሳሙናውን ቅሪት ይገድለዋል። ከዚያ ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ በእንጨት ክፈፍ ላይ በእኩል ይወጠር፤ ተንጠልጥሎ የደረቀ የሱፍ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይጣመማል።

የጨርቁ ጠባብነት ንድፉን ይወስናል፤ እኔ ይህን እንደ ጸጋ ነው የማየው። በርኖስ እጅጌ የሌለው፣ ከፊት የሚከፈት ካባ ነው፤ ብዙ አይቆረጥም። የእናንተም ንድፍ ከዚያ ይማር፦ 64 ሳንቲ ሜትሩ ሳይቆረጥ ጀርባ ይሁን፣ የጨርቁ ዳር የፊት ጠርዝ ሆኖ ይታይ፣ መጋጠሚያው በእጅ ስፌት ይያያዝና እንደ ጌጥ ይውጣ። ከፈረንጅ ካታሎግ የተወሰደ ወገቡ የጠበበ፣ በየአቅጣጫው የተጎረደ ካፖርት በዚህ ጨርቅ ላይ ሲቆረጥ ሲሶው ቁርጥራጭ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። የ95 ሰዓት ፈትል ነው የሚጣለው።

ለስፌቱ የማሽን መርፌ 100 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመት 3.5 ሚሊ ሜትር፣ የስፌት ትርፍ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ስፌቱ በእንፋሎት ካውያና በእርጥብ ጨርቅ ተከፍቶ ይተኮሳል፤ ካውያው ሱፉን በቀጥታ ከነካ ያብረቀርቃል። የተቆረጠው ልብስ ዘርፉ ከመታጠፉ በፊት አንድ ቀን ተሰቅሎ ይደር፤ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላ ነው የሚስተካከለው። ገበሩ ለአካሉ ቀጭን የእጅ ሽመና ጥጥ ሊሆን ይችላል፣ ያምራልም፤ ለእጅጌ ግን ጥጥ አይሆንም፣ ከሸሚዝ ጋር ይያያዛል። እጅጌው ቪስኮስ ወይም ሐር ይግባለት። በጀርባው መካከል ገበሩ ላይ የ3 ሳንቲ ሜትር እጥፋት ተውለት፤ አለዚያ ሰውዬው እጁን ሲዘረጋ ገበሩ ብብቱ ላይ ይቀደዳል። ቁልፉ የቀንድ ይሁን፤ በበኩሌ ከዚህ ጨርቅ ጋር ፕላስቲክ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ማቅለም ብዙ አልልም፤ የመጀመሪያው ስብስብ በበጉ በራሱ ቀለም ቢሆን እመርጣለሁ። መቀባት ካስፈለገ አንድ የደጋ ጉዳይ እወቁ፦ በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለሱፍ የሚሆኑት የፋብሪካ ቀለሞች መመሪያቸው ወደ 100 ዲግሪ የቀረበ ሙቀት ይላል፤ እዚህ ያ ስለማይገኝ ቀለሙ እስኪገባ ጊዜው ይራዘማል። በዕፅዋት ለምትቀቡ ደግሞ የፀጉሩን ደረቅ ክብደት 12 ከመቶ የሚሆን አሉም (ቀለም የሚያስይዝ ጨው) በቂ ነው። ብረት ቀለሙን ያጠቁራል፤ ሱፉንም ያደርቀዋል፣ ስለዚህ በጥቂቱ። የተቀባውን ክር ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ መስኮት ላይ አንድ ወር አቆዩት። ልዩነት ካሳየ አይሸጥ።

የሥራ ሰሌዳችሁን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስታርቁ። በወሩ ውስጥ ከእሑድ ሌላ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለምን የምታከብር ፈታይ በነዚያ ቀናት እንዝርት አትይዝም፤ እንድትይዝም አትጠይቋት። በእርሻና በመኸር ወቅት ሸማኔውም ማሳ ላይ ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የአንድ ሙሉ ወቅት ፀጉር ታጥቦና ተለይቶ ደብረ ብርሃን ላይ ይከማች፤ ለደንበኛ የሚሰጠው ቀጠሮ ደግሞ ክሩ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ዋጋን በሚመለከት የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ሙሉ ወጪው፦ ፀጉር፣ እጥበት፣ ፈትል፣ ሽመና፣ ስፌት፣ ገበርና ቁልፍ፣ ትራንስፖርት፣ የተበላሸው፣ የራሳችሁ ደመወዝ ጭምር 100 ቢሆን፣ ለመደብር የምታስረክቡበት ዋጋ 200፣ ለለባሹ የሚሸጠው ከ400 እስከ 450 ይሁን። በመጀመሪያ ለወዳጅ ዘመድ በ200 ከሸጣችሁ በኋላ መደብር ሲመጣ የምትሰጡት ቦታ አይኖራችሁም፤ ዋጋ ማውረድ ይቀላል፣ መስቀል ግን ደንበኛን ያስቀይማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ የሚመጣው ገበርና የስፌት ክር ዋጋ አይጸናም፤ የወጪ ሰነዱን በየሦስት ወሩ አድሱት።

ስሙን ቶሎ አስመዝግቡ። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ማመልከቻው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ ልብስ በክፍል 25፣ ጨርቅና ብርድ ልብስ በክፍል 24 ስለሚወድቁ ባናም ለመሸጥ የምታስቡ ሁለቱንም ጠይቁ። «መንዝ» ወይም «አንኮበር» የሚለውን ብቻውን የብራንድ ስም አታድርጉ። የቦታ ስም ደካማ ምልክት ነው፤ ከዚያም በላይ የሁሉም ነው። የቦታው ስም መለያው ላይ፣ ጨርቁ የመጣበትን ለመንገር ይግባ። አዲስ የፈጠራችሁት የልብስ ቅርጽ ካለ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ ለአምስት ዓመት ያገኛል፣ ሁለት ጊዜም ይራዘማል፤ ፎቶውን በቴሌግራም ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አስገቡ፤ አዲስ መሆን አለበትና። የአባቶች በርኖስ ቅድ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። የካህናት ካባ ላይ ያለውን መስቀልና የቤተ ክርስቲያን ጌጥም ለንግድ አታውሉት።

መለያው ላይ የሚጻፈው እውነት ይሁን። «ንጹሕ የበግ ፀጉር» ካላችሁ ድሩ የፋብሪካ አክሪሊክ መሆን አይችልም። ከሌላ ሰው ክር የምትገዙ ከሆነ ሁለት ቀላል ፈተና አለ። ጥቂቱን በእሳት ስታስነኩት ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲታሽ ዐመድ ይሆናል፤ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። በበረኪና ውስጥ ሲነከር ደግሞ ሱፉ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ጥጡና አክሪሊኩ ይቀራል፤ ከመነከሩ በፊትና በኋላ በመመዘን ድብልቁ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይታወቃል። ወደ አውሮፓ የሚላክ ልብስ በኅብረቱ ደንብ ቁጥር 1007/2011 የተሠራበትን ጭረት ዓይነት (ሱፍ፣ ጥጥ፣ አክሪሊክ) በመቶኛ መግለጽ አለበት። ኢትዮጵያ በማደግ ላይ ካሉት እጅግ ድሃ አገሮች ጋር ስለምትመደብ ወደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ልብሱ የተሠራበትን አገር የሚያስረዳውን ሰነድ ግን ማሟላት ይገባል። ወደ አሜሪካ በአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ በሚገባበት የአሜሪካ ሕግ) በኩል የነበረው ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ተቋርጧል፤ የአሜሪካ ደንበኛ ካላችሁ ቀረጡን ዋጋው ውስጥ አስቡት።

ካፖርቶቹ ተሠርተው እስኪሸጡ ብል ጠላታቸው ነው። ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ሱፍ፣ ጨለማና ያልተነካካ ቦታን ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በታሰረ የጥጥ ከረጢት ይቀመጥ፤ በየወሩ ወጥቶ በፀሐይ ይራገፍ። የጽድ እንጨት ሣጥን ይረዳል፣ ሽታው ብቻውን ግን የብሉን ትል አይገድልም። የተጠረጠረ ልብስ በፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ሳምንት ይቆይ።

ከእያንዳንዱ ካፖርት 30 ሳንቲ ሜትር ጨርቅና አንድ ትንሽ ልቃቂት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በመዝገብም የካፖርቱን ቁጥር፣ የበጎቹን ቀለም፣ የፈታዮቹንና የሸማኔውን ስም ጻፉ። ክርኑ የሳሳበት ደንበኛ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለስ በዚያው ጨርቅ ይጠገንለታል፤ የጥገናውን የመጀመሪያ ዙር ዋጋም ከሽያጩ ጋር አብራችሁ አስከፍሉት።